ጥንቸልና ጊኒ ፒግ በአንድ ቤት፦ ግልገል ሲወለድ ማወቅ የሚገባን

ጥንቸልና ጊኒ ፒግ ሁለቱም ሣር በል፣ ሁለቱም በጠባብ ግቢ ሊረቡ የሚችሉ፣ ሁለቱም ሰው የሚለምዱ እንስሳት ናቸው። በዚህ የተነሳ የሚያረቧቸው ሰዎች ቦታና ወጪ ለመቆጠብ ሲሉ በአንድ የሽቦ ቤት ሲያኖሯቸው ይስተዋላል። ለጥቂት ወራት ነገሩ ሰላማዊ መስሎ ሊታይ ይችላል። ችግሩ ገሃድ የሚወጣው ከሁለቱ አንዷ በወለደች ማግስት ነው፤ ጠዋት ቤቱ ሲከፈት ግልገሎች በብርድ ሞተው፣ ተረግጠው ወይም ከጎጆ ውጭ ተበትነው ሊገኙ ይችላሉ።

የጥፋቱ ምክንያት የእንስሳቱ ክፋት አይደለም። ሁለቱ በአመጋገብ ቢቀራረቡም በአወላለድ ተቃራኒ ናቸው። የጥንቸል ግልገል ራቁቱን፣ ዐይኑ ሳይገለጥ ይወለድና ለሳምንታት ጎጆ ውስጥ ተሸሽጎ ያድጋል። የጊኒ ፒግ ግልገል ግን ጸጉር ለብሶ፣ ዐይኑን ገልጦ፣ ጥርስ አብቅሎ ይወለድና በሰዓታት ውስጥ ይሮጣል። ለአንዱ የሚስማማው አያያዝ ለሌላው አደጋ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ምክር አጭር ነው፦ ሁለቱን ለያይቶ ማኖር፤ እስካሁን አብረው ከነበሩ ከመውለዳቸው በፊት መለየት፤ ያ ካልተቻለ ደግሞ በወለዱበት ሰዓት መለየት። የዚህ ምክር ምክንያትና አፈጻጸም ከዚህ በታች በዝርዝር ቀርቧል።

የሁለቱ እንስሳት ማንነት

ለማዳ ጥንቸል ዝርያው ከአውሮፓ፣ በተለይም ስፔንና ፖርቱጋል ከሚገኙበት የኢቤሪያ ልሳነ ምድር የመጣ ነው። በዱር ሳለ በቡድን እየኖረ፣ መሬት ቆፍሮ በጉድጓድ ውስጥ የሚወልድ እንስሳ ነው። በሀገራችን ሜዳና ቁጥቋጦ የሚታየው የዱር ጥንቸል በአማርኛ በዚሁ ስም ይጠራ እንጂ የተለየ እንስሳ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚገኘው የደጋ ጥንቸል ነው። የዱሯ ጥንቸል ለመውለድ ጉድጓድ አትቆፍርም። ግልገሎቿን የምትጥለው በሣር መካከል ሲሆን፣ እነሱም ጸጉር ለብሰውና ዐይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። በእረኝነት ዘመኑ የዱር ጥንቸል ግልገል ያየ አርሶ አደር፣ የለማዳዋ ጥንቸል ግልገሎች ራቁታቸውን ሲወለዱ ያለጊዜያቸው የተጨነገፉ ሊመስሉት ይችላሉ። ነገር ግን ተፈጥሯቸው ነው፤ ሞተዋል ወይም አያድጉም ብሎ መጣል አይገባም።

ጊኒ ፒግ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች፣ ከዛሬዎቹ ፔሩ፣ ቦሊቪያና ኢኳዶር አካባቢ ነው። በዚያ የሚኖሩ ሕዝቦች ከሺህ ዓመታት በፊት አላምደው ለምግብነት አርብተውታል፤ ዛሬም በገጠር መኖሪያ ቤቶች ሣርና የአትክልት ትርፍራፊ እየበላ ሲረባ ይታያል። በአፍሪካም በካሜሩንና በዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ አነስተኛ አርሶ አደሮች ያረቡታል። ስሙ ግን ያሳስታል። ከጊኒ የመጣ አይደለም፤ «ፒግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አሳማ ማለት ቢሆንም እንስሳው ከአሳማ ጋር ዝምድና የለውም። በሥነ ሕይወት አመዳደብ ከአይጥና ከጃርት ጋር በአንድ ምድብ የሚገኝ ነው።

ጥንቸል ከዚህ ምድብ ውጭ ስለሆነ ሁለቱ ተዳቅለው ሊወልዱ አይችሉም። አውራ ጥንቸል በጊኒ ፒግ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ግን ያቆስላታል እንጂ አያስረግዛትም። በአንድ ቤት ካሉት አንዷ ሳይታሰብ ብትወልድ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ስትገዛ እርጉዝ ነበረች፣ ከራሷ ዝርያ ወንድ ጋር ተገናኝታ ነበር፣ ወይም ሁለት ሴቶች ናቸው ተብለው ከተገዙት አንዱ ወንድ ነበር።

በአወላለድ የሚለያዩባቸው ነጥቦች

• የእርግዝና ጊዜ፦ ጥንቸል በአብዛኛው ከ30 እስከ 32 ቀናት፤ ጊኒ ፒግ ከ59 እስከ 72 ቀናት።

• የግልገል ብዛት፦ ጥንቸል ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10፤ ጊኒ ፒግ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4።

• የጡት ብዛት፦ ጥንቸል ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10፤ ጊኒ ፒግ 2 ብቻ።

• ጎጆ፦ ጥንቸል ሣር ሰብስባ፣ ከገላዋ ጸጉር ነጭታ ጎጆ ታበጃለች፤ ጊኒ ፒግ ጎጆ አትሠራም።

• ዐይን መግለጥ፦ የጥንቸል ግልገል ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ፤ የጊኒ ፒግ ግልገል ገልጦ ይወለዳል።

• አጠባብ፦ ጥንቸል በቀን አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ፣ ለ3 እስከ 5 ደቂቃ ያህል ብቻ ታጠባለች፤ ጊኒ ፒግ በቀን ብዙ ጊዜ ታጠባለች።

• ሣር መቅመስ፦ የጥንቸል ግልገል በ3ኛው ሳምንት ገደማ፤ የጊኒ ፒግ ግልገል በተወለደ በአንድና በሁለት ቀን።

• እንደገና መፀነስ፦ ሁለቱም በወለዱበት ዕለት ሊፀንሱ ይችላሉ።

አብሮ ማኖር የሚያስከትለው ጉዳት

የመጀመሪያው ጉዳት አካላዊ ነው። አዋቂ ጥንቸል እንደ ዝርያዋ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ስትመዝን፣ ጊኒ ፒግ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ኪሎ ግራም ብዙም አትርቅም። የጥንቸል የኋላ እግር ለመዝለልና ለመቆፈር የተፈጠረ ብርቱ እግር ነው፤ በድንጋጤ የተሰነዘረ አንድ እርግጫ የጊኒ ፒግን የጎድን አጥንት ሊሰብር፣ እርጉዟንም ሊያስጨነግፍ ይችላል። በተለይ ጥንቸሏ የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ቦታዋን አጥብቃ ትጠብቃለች፤ ቀድሞ ገራም የነበረችው እንኳ የቀረበባትን ልትነክስና ልታባርር ትችላለች።

ሁለተኛው ጉዳት በጎጆው ላይ የሚደርስ ነው። ጊኒ ፒግ መደበቂያ ፈላጊ እንስሳ ናት። የጥንቸል የመውለጃ ሳጥን ለእርሷ ምቹ ዋሻ ስለሚመስላት ትገባበታለች፤ የጎጆውን ሣር ትበላለች፤ ራቁታቸውን የተኙትንም ግልገሎች ትረግጣለች። ጎጆው ከተበተነ የጥንቸል ግልገሎች በመጀመሪያው ሳምንት የራሳቸውን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችሉ በብርድ ይሞታሉ። እናቲቱም በሁከቱ ተጨንቃ ግልገሎቿን ልትተው አልፎ ተርፎም ልትበላ ትችላለች።

ሦስተኛው በዐይን የማይታይ ነው። ቦርዴቴላ ብሮንኪሴፕቲካ የተባለውን ባክቴሪያ ጥንቸል ብዙ ጊዜ ሳትታመም በአፍንጫዋና በጉሮሮዋ ትሸከማለች። ይኸው ባክቴሪያ ወደ ጊኒ ፒግ ሲተላለፍ ብርቱ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ እርጉዝ የሆነችውንም ሊያስጨነግፍ ይችላል። ስለዚህ «ጥንቸሏ ጤነኛ ናት፤ ጊኒ ፒጓ ከየት አመጣችው?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ብዙ ጊዜ በዚያው ቤት ውስጥ ይገኛል።

አራተኛው የመኖ ጉዳይ ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ቫይታሚን ሲን በሰውነቷ ማምረት አትችልም፤ ጥንቸል ግን ታመርታለች። ለጥንቸል የተዘጋጀ የተቀነባበረ መኖ ይህ ቫይታሚን ስለማይጨመርበት፣ እርሱን ብቻ እየበላች የምትኖር ጊኒ ፒግ መገጣጠሚያዋ ያብጣል፣ ድዷ ይደማል፣ ቁስሏ አይድንም። እርጉዝና የምታጠባ ስትሆን ደግሞ ፍላጎቷ ስለሚጨምር ጉዳቱ ቶሎ ይታያል።

ከመውለጃው ቀን በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ጥንቸል ከወንድ ጋር የተገናኘችበትን ቀን መመዝገብ ያስፈልጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በ28ኛው ቀን የመውለጃ ሳጥን ይገባላታል። ለመካከለኛ ዝርያ ርዝመቱ 45፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የእንጨት ሳጥን ይበቃል። በመግቢያው በኩል 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ደፍ መተው ይገባል፤ ይህም ግልገሎቹ ጡት ይዘው ሲጎተቱ ወደ ውጭ እንዳይወድቁ ያግዛል። ውስጡ ንጹሕና ደረቅ ድርቆሽ ወይም ለስላሳ ጭድ ይነጠፍበታል። ክርና ጨርቅ ግን በግልገሎቹ እግርና አንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል አይገባም። የሻገተ ጭድም ለሳንባ ሕመም ስለሚዳርግ መወገድ አለበት።

ጥንቸሏ ሣር በአፏ ይዛ መመላለስ፣ ከሆዷና ከደረቷም ጸጉር መንጨት ስትጀምር ልትወልድ ተቃርባለች። ከዚያ በፊት አውራውም ሆነ ማናቸውም ጊኒ ፒግ ከቤቷ መውጣት አለባቸው።

ጊኒ ፒግ ጎጆ ስለማትሠራ የመውለጃዋ ቀን በዚህ ምልክት አይታወቅም። በእርግዝናዋ መጨረሻ ሆዷ በሁለት ጎን እንደ ከረጢት ይወጠራል፤ ግልገሎቹም ሲንቀሳቀሱ ይታያል። ለእርሷ የሚያስፈልጋት ጸጥ ያለ ስፍራ፣ ወፍራም ድርቆሽና ሁለት በር ያለው መደበቂያ ነው። ወለሉ ድፍን መሆን አለበት፤ በሽቦ ወለል ላይ የሕፃናቱ እግር ሾልኮ ይሰበራልና። በሆዷ ተይዛ መነሳት የለባትም፤ ማንሳት የግድ ከሆነ አንድ እጅ ከደረቷ፣ ሌላው ከመቀመጫዋ በታች ገብቶ በእርጋታ መሆን አለበት።

በጊኒ ፒግ ዘንድ የዕድሜ ነገር ለሕይወቷ ወሳኝ ነው። ሳትወልድ ከ6 እና 7 ወር ያለፈች ሴት የዳሌዋ አጥንት መጋጠሚያ እየጠነከረ ስለሚሄድ በምጥ ጊዜ ላይከፈት ይችላል። እንዲህ ያለችውን ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረገዝ እናትም ልጅም ማጣት ሊሆን ስለሚችል አይመከርም።

ጥንቸል ስትወልድ

ጥንቸል ብዙ ጊዜ የምትወልደው በሌሊት ወይም በማለዳ ሲሆን፣ ምጧም አጭር ነው። ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ ከጸጉሩ ሥር እንቅስቃሴ ከታየ ወልዳለች ማለት ነው። አርቢው እጁን ታጥቦ፣ በቤቷ ያለውን ድርቆሽ በእጁ አሽቶ፣ እናቲቱን በጥቂት ቅጠል አዘናግቶ ጎጆውን ሊመለከት ይችላል፤ ይገባዋልም። «የሰው እጅ ከነካቸው እናታቸው ትተዋቸዋለች» የሚለው አባባል ሰው ለለመደች ለማዳ ጥንቸል በአብዛኛው አይሠራም። የሞተና የእንግዴ ልጅ ትርፍ ካለ ይወጣል፤ ሕያዋኑ ይቆጠራሉ፤ ከጎጆ የወጣ ካለ ሞቆ ይመለሳል፤ ከላይም በእናታቸው ጸጉር ይሸፈናሉ።

አዲስ አርቢዎችን የሚያስጨንቀው እናቲቱ ቀኑን ሙሉ ከግልገሎቿ ርቃ መዋሏ ነው። ይህ መተው አይደለም። በዱር ሳለች ጠላት በሽታ ተከትሎ ጎጆዋን እንዳያገኝ ትሸሽ የነበረችበት ልማድ ነው። የምታጠባው በአብዛኛው በሌሊት ወይም ጎሕ ሲቀድ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠበቧን ማወቅ የሚቻለው በግልገሎቹ ሆድ ነው። የጠገበ ግልገል ሆዱ ክብ፣ ቆዳው ውጥር፣ ገላው ሞቃት ሲሆን ዝም ብሎ ይተኛል። ያልጠባው ቆዳው የተሸበሸበ፣ ሆዱ የተጣበቀ ሲሆን ይቁነጠነጣል፣ ይጮኻልም። ከወለደች አንድ ቀን ሙሉ አልፎ ሁሉም ግልገሎች ሆዳቸው የተጣበቀ ከሆነ፣ እናቲቱን በእርጋታ ይዞ ከሳጥኑ ውስጥ ማስቆምና ግልገሎቹ እንዲጠቡ ማድረግ ይቻላል።

በተመሳሳይ ቀናት የወለዱ ሁለት ጥንቸሎች ካሉ፣ ከብዙዋ ግልገሎች ጥቂቱን ጥቂት ለወለደችው ማሸጋገር ይቻላል። የዕድሜ ልዩነታቸው ከ3 ቀን ባይበልጥ ይመረጣል፤ ታናናሾቹ በታላላቆቹ ተገፍተው ጡት እንዳያጡ ነው። የጥንቸልን ግልገል ለጊኒ ፒግ፣ የጊኒ ፒግን ለጥንቸል ሰጥቶ ለማስጠባት መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የጡታቸው ብዛት፣ የወተታቸው ይዘትና የማጥቢያ ሰዓታቸው አይገጥምም።

የአየር ጠባዩም ታሳቢ መሆን አለበት። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋማ ቦታዎች የሌሊቱ ብርድ የጎጆውን ድርቆሽ ማብዛት ይጠይቃል። ግልገሎች ቀዝቅዘው ከተገኙ በመጀመሪያ መሞቅ፣ ከዚያ መጥባት አለባቸው፤ የቀዘቀዘ ግልገል ወተት አይፈጭለትም። በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞቅ ባለ ውኃ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከአጠገባቸው ማድረግ ጥሩ ዘዴ ነው። እንደ መተማ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ደግሞ አደጋው ሙቀት ነው። ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሆን ሁለቱም እንስሳት ይጎዳሉ፤ እርጉዟ ይበልጥ ትጎዳለች። ጥላ፣ የአየር መተላለፊያና ቀዝቃዛ ውኃ ሊለያቸው አይገባም። የምታጠባ ጥንቸል ብዙ ውኃ ስለምትጠጣ ውኃዋ ለአንድ ሌሊት እንኳ መድረቅ የለበትም።

ጊኒ ፒግ ስትወልድ

ጊኒ ፒግ ተቀምጣ፣ አንገቷን ወደ ሆዷ ደፍታ ትወልዳለች። እያንዳንዱን ግልገል ሲወጣ ሽፋኑን በጥርሷ ቀዳ ታጸዳዋለች። ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ይወለዳሉ። ግልገል ሳይወጣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያለማቋረጥ ካማጠች፣ ብዙ ደም ከፈሰሳት ወይም ደክማ ከተኛች አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋታል። ግልገሉ ተወልዶ ሽፋኑ ከአፍንጫው ካልተነሳ ብቻ በንጹሕ ጨርቅ ማንሳት ይገባል፤ ከዚህ በቀር ጣልቃ አለመግባት ይሻላል።

እናቲቱ ሁለት ጡት ብቻ ስላላት ሦስትና አራት ግልገሎች ተራ በተራ ይጠባሉ። ከአንድ በላይ እናቶች በአንድ ቤት ካሉ አንዷ የሌላዋን ልጅ ስታጠባ ይታያል፤ ይህ ጤናማ ነው። ግልገሎቹ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ድርቆሽና ቅጠል ስለሚቀምሱ ምግቡ በሚደርሱበት ዝቅተኛ ስፍራ መቀመጥ አለበት። የውኃው ዕቃ ጠለቅ ያለ ከሆነ ገብተው ሊሰምጡ ይችላሉ። የሽቦው ቀዳዳም ሰፊ ከሆነ ሾልከው ይወጣሉ። በየቀኑ በትንሽ ሚዛን መመዘን ቢቻል መልካም ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት በኋላ ክብደቱ የማይጨምር ግልገል እየጠባ አይደለም።

አውራው ጊኒ ፒግ ከመውለዷ በፊት መወገድ አለበት። ሴቲቱ በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ልትፀንስ ትችላለች፤ እያጠባች ሌላ እርግዝና መሸከም ደግሞ ሰውነቷን ያሟጥጣል።

አብረው ሳሉ ሳይታሰብ ቢወልዱ

ዝግጅት ሳይደረግ በጋራ ቤት ውስጥ ግልገል ከተገኘ በሚከተለው ቅደም ተከተል መሥራት ይገባል።

1. ግልገሎቹ የማን እንደሆኑ መለየት። ራቁትና ዐይነ ጭፍን ከሆኑ የጥንቸል፤ ጸጉራምና ዐይናቸው የተገለጠ ከሆነ የጊኒ ፒግ ናቸው።

2. የወለደችውን በቦታዋ ትቶ ሌላውን ማውጣት። እናቲቱ የምታውቀውን ቦታና ሽታ እንዳታጣ፣ የሚዛወረው ያልወለደው ቢሆን ይመረጣል። ጊዜያዊ ማረፊያ ካርቶን ወይም የእንጨት ሣጥን ሊሆን ይችላል።

3. ወንዶችን ሁሉ፣ ከየትኛውም ዝርያ ቢሆኑ፣ ወዲያውኑ መለየት።

4. የጥንቸል ግልገሎች በወለል ላይ ከተበተኑ ሰብስቦ ማሞቅ፣ ድርቆሽና የተነጨውን ጸጉር በሳጥን ውስጥ አድርጎ ማስተኛት፣ ሳጥኑንም እናቲቱ ጎጆ ለመሥራት በመረጠችው ጥግ ማኖር።

5. የቆሰለ መኖሩን ማየት። ደም፣ እብጠት፣ የሚጎተት እግር ወይም የሚያንቋርር ትንፋሽ ካለ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳየት።

6. ንጹሕ ውኃና ድርቆሽ አቅርቦ፣ ልጆችን፣ ውሻንና ድመትን አርቆ በጸጥታ መተው። በቀን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

7. በዚያ ቤት የነበሩ ሌሎች ሴቶችም እርጉዝ ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቦ፣ ለጥንቸል አንድ ወር፣ ለጊኒ ፒግ ሁለት ወር ተኩል ያህል መከታተል።

የእናት አልባ ግልገሎች ተስፋ በሁለቱ ዘንድ እኩል አይደለም። የጊኒ ፒግ ግልገል ሌላ የምታጠባ ጊኒ ፒግ ካለች ብዙ ጊዜ ይቀበሉታል፤ ገና በሕፃንነቱም ምግብ ስለሚቀምስ የመትረፍ ዕድል አለው። የጥንቸል ግልገልን ግን በእጅ ማሳደግ ከባድ ነው። ሌላ የምታጠባ ጥንቸል ከታጣ ለብ ያለ የፍየል ወተት በትንሽ መርፌ አልባ ሲሪንጅ፣ ግልገሉ በጀርባው ሳይሆን በደረቱ ተኝቶ፣ በጠብታ ይሰጠዋል። በችኮላ የተሰጠ ወተት ወደ ሳንባ ገብቶ ይገድላል።

መኖ በዚህ ወቅት

የሁለቱም መሠረታዊ ምግብ ድርቆሽና ሣር ነው። የሚያድግ ጥርሳቸውን የሚያሞርድላቸው፣ አንጀታቸውንም የሚያንቀሳቅሰው እርሱ ነው። እርጉዝና የምታጠባ እናት አልፋልፋ ሲጨመርላት ትጠቀማለች፤ የስንዴ ፉርሽካም በልክ ሊሰጥ ይችላል። ጠል ያረፈበት፣ የረጠበ ወይም ተከምሮ የሞቀ ሣር ሆድ ስለሚነፋ ጠውለግ ካለ በኋላ ቢሰጥ ይሻላል።

ለጊኒ ፒግ በየቀኑ የቫይታሚን ሲ ምንጭ ያስፈልጋል። በጤናማ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደቷ በቀን 10 ሚሊ ግራም ያህል የሚበቃት ሲሆን፣ በእርግዝና ወቅት እስከ 30 ሚሊ ግራም ሊያስፈልጋት ይችላል። ይህን በጥቂት የማያቃጥል ቃሪያ፣ በጎመን ቅጠልና በቁራጭ ዘይቱን ማሟላት ይቻላል። ቫይታሚኑ በጊዜ ብዛት ስለሚጠፋ ቅጠሉ ትኩስ መሆን አለበት።

የአቮካዶ ፍሬና ቅጠል፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለሁለቱም አይሰጡም። መድኃኒት የተቀላቀለበት የዶሮ መኖም ሊጎዳቸው ስለሚችል መቅረት አለበት። ጥንቸልና ጊኒ ፒግ ከራሳቸው የሚወጣውን ለስላሳ ኩስ መልሰው ሲበሉ ቢታዩ ሕመም አይደለም፤ ያልተወሰደውን ንጥረ ምግብ መልሰው የሚያገኙበት ተፈጥሯዊ መንገድ ነው።

ጡት ማስጣልና ጾታ መለየት

የጊኒ ፒግ ወንድ ግልገሎች በ21ኛው ቀን ከእናታቸውና ከእኅቶቻቸው መለየት አለባቸው። ሴቶቹ ገና በ4 እና 5 ሳምንታቸው ሊፀንሱ ይችላሉ፤ መዘግየት ማለት ሕፃን ሕፃን ትወልዳለች ማለት ነው። ጾታቸውን ለመለየት ግልገሉን በእጅ መዳፍ ደግፎ መመልከት ይበቃል፤ የሴቷ የባላ ቅርጽ ሲኖረው፣ የወንዱ ክብ ነጥብ ይመስላል፤ ከላዩ ቀስ ብሎ ሲጫኑትም ብልቱ ብቅ ይላል።

የጥንቸል ግልገሎች ከ5 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጡት ይተዋሉ። ከ3 ወር በኋላ ወንዶቹ እርስ በርስ መጣላት፣ ሴቶቹም መፀነስ ስለሚጀምሩ ከዚያ በፊት መለየት ይገባቸዋል።

መድኃኒትና ጥንቃቄ

በዚህ ረገድ ሊደጋገም የሚገባው ማስጠንቀቂያ አንድ ነው፦ ለሰው ወይም ለከብት የተገዛ መድኃኒት ከቤት አውጥቶ አለመስጠት። እንደ ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊንና ሊንኮማይሲን ያሉ መድኃኒቶች በአፍ ሲሰጡ የጥንቸልንና የጊኒ ፒግን ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያ ስለሚያጠፉ በቀናት ውስጥ በተቅማጥ ሊገድሏቸው ይችላሉ። መብላት ያቆመች፣ ኩስ ያልጣለች ወይም የምታስነጥስ እናት በዚያው ዕለት ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለባት። በተለይ ወፍራም የሆነች እርጉዝ ጊኒ ፒግ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ምግብ ከተወች ነገ አይባልም።

ጭርት የመሰለ የቆዳ ሕመም ከእነዚህ እንስሳት ወደ ሰው፣ በተለይም ወደ ሕፃናት ሊተላለፍ ስለሚችል ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ልማድ መሆን አለበት። ግልገሎችን ከአይጥ፣ ከድመትና ከሸለምጥማጥ የሚጠብቅ ጠንካራ ሽቦ ያስፈልጋል። ጉንዳን በሚበዛበት አካባቢ የቤቱን እግሮች ውኃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ማቆም በአንድ ሌሊት ሙሉ ጎጆ ከመጥፋት ያድናል።

በጠባብ ግቢ እንዴት መለየት ይቻላል?

መለየት ሁለት ትልልቅ ቤቶች መሥራትን አይጠይቅም። ጊኒ ፒግ መዝለልና መውጣት ስለማይሆንላት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ግድግዳ የታጠረ ደረቅ ወለል ይበቃታል፤ ሌሊት ግን ከአውሬ እንዲጠብቃት ከላይ በሽቦ መሸፈን አለበት። ለሁለት ጊኒ ፒጎች ከ1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ወለል ቢሆን ይመረጣል። ጥንቸሏ ደግሞ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወይም የእንጨት ቤት ትኖራለች። ጊኒ ፒጎችን ከጥንቸል ቤት ሥር ማኖር ግን ሽንትና ኩስ ስለሚወርድባቸው፣ የሚተነፍሱትንም አየር ስለሚጋሩ አይመከርም፤ በግቢው ሌላ ጥግ ወይም በሌላ ክፍል ማድረግ ይሻላል። በመጀመሪያ ጊኒ ፒጎችን፣ ከዚያ ጥንቸሎችን ማብላትና ማጽዳት በእጅና በልብስ የሚተላለፈውን በሽታ ይቀንሳል።

ጊኒ ፒግ ብቸኝነት የማይስማማት እንስሳ ስለሆነች ከጥንቸል ስትለይ የሚያስፈልጋት ጓደኛ ሌላ ጊኒ ፒግ ነው፤ ሁለት ሴቶች አብረው በሰላም ይኖራሉ። ጥንቸሏም ግልገሎቿን እስክታሳድግ ብቻዋን ብትሆን ይሻላታል። በአንድ ሳጥንና በአንድ ተጨማሪ የሽቦ ግድግዳ የሚከናወነው ይህ መለየት፣ ለእርባታው ከሚወጣው ወጪ ሁሉ ትንሹ ሲሆን፣ በአንድ ሌሊት ሊጠፉ የሚችሉትን ግልገሎች የሚያተርፈው ግን እርሱ ነው።